ረቡዕ የደረሰኝ ቃል

ሃያ ስድስት ዓመት እስኪሞላኝ ድረስ ባሕር በዓይኔ አይቼ አላውቅም፤ ነገር ግን አስተምረው ነበር። ዲላ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበርኩ። በሰማያዊ ጠመኔ ሜዲትራኒያንን ሰሌዳው ላይ እስላለሁ፣ ወደቦቹን በነጭ ነጥብ አመለክታለሁ፣ ልጆቹ ይገለብጣሉ። አንድ ቀን አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ ባሕር ዳሩ ላይ ሲቆሙ ምን ይመስላል ብላ ጠየቀችኝ። መጽሐፉ የሚለውን ነገርኳት። «እርስዎ አይተውታል?» አለች። አላየሁም ማለቱ አሳፈረኝና ደወሉ እስኪደወል ድረስ ስለ ነፋሳት አወራሁ።

ይህን የምነግራችሁ ያኔ ምን ዓይነት ሰው እንደነበርኩ እንድታውቁ ነው። ክፉ ሰው አልነበርኩም። አንድ ነገር አጥብቃ የምትፈልግ ሴት ነበርኩ።

ዘመኑ የጃንሆይ መንግሥት ሊወድቅ ጥቂት ዓመታት የቀሩት ነበር። እኔ የልብስ ሰፊ ልጅ ነኝ፤ አባቴ ከጉራጌ አገር መጥቶ ዲላ ገበያ አፋፍ ላይ የስፌት መኪናውን አስቀምጦ ስድስት ልጆች አሳድጓል። ባለቤቴ ታደሰ ግን የጌዴኦ ልጅ፣ ወርቃ የሚባል መንደር ሰው ነው። የቡና መፈልፈያ ማሽን መካኒክ ነበር። ከወናጎ እስከ ይርጋጨፌ በመልቀሚያው ወራት ማሽን ሲቆም የሚፈለገው እሱ ነው። ዝምተኛ ነው፤ ማሽን ሲያዳምጥ ጆሮውን ብረቱ ላይ ለጥፎ ዓይኑን ይጨፍናል። የወደድኩት እንዲያ ሲያደርግ አይቼው ነው።

ታደሰና አባቱ አቶ ጂግሶ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ተያይተው አያውቁም ነበር። ታደሰ በወጣትነቱ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሲማር የወንጌል አማኝ ሆነ። አቶ ጂግሶ ደግሞ የአባቶቻቸው ሥርዓት ጠባቂ ነበሩ። ሽማግሌዎች ዛፍ ሥር ተቀምጠው በሚመክሩበትና በሚያስታርቁበት ሸንጎ፣ ጌዴኦዎች ሶንጎ በሚሉት ቦታ፣ ቃላቸው የሚሰማ ሰው ነበሩ። በአንድ የምስጋና በዓል ታደሰ አባቱ በእጃቸው የዘረጉለትን የሥርዓቱን መጠጥ በሰው ሁሉ ፊት አልቀበልም አለ። አባትየው አልጮሁም፣ አልረገሙም። «እስክጠራህ ድረስ ወደ ደጄ አትምጣ» አሉት። ይኸው ነው። ታደሰም የእሳቸው ልጅ ነውና እስኪጠሩት ጠበቀ። ስንጋባ ሽማግሌ ብንልክባቸው «መቼ ጠራሁት?» ብለው መለሱ። ከዚያ ወዲህ ታደሰ ስማቸውን አያነሳም፤ ከወርቃ የመጣ ሰው ሲያገኝ ግን ስለ ቡናው፣ ስለ እንሰቱ፣ ስለ ዝናቡ ሲጠይቅ የሚጠይቀው ስለ እሳቸው መሆኑን አውቅ ነበር።

የባሕሩ ነገር የመጣው በአንድ ጣሊያናዊ መሐንዲስ ነው። አዲስ መፈልፈያ ሊተክል መጥቶ ከታደሰ ጋር አራት ወር ሠራና ወዳጁ ሆነ። አገሩ ሲመለስ ታደሰ ለስድስት ሳምንት ጄኖቫ ከተማ ሄዶ እንዲሠለጥን አደረገ። ደብዳቤው መጨረሻ ላይ፣ ከሚስትህ ጋር ሳምንት ቀድማችሁ ኑ፣ መኪናዬን እሰጣችኋለሁ፣ የባሕር ዳሩን መንገድ ሳታዩ ማሽን ቤት አትገባም የሚል ነበረበት። የመፈልፈያው ባለቤት የእኔን የአውሮፕላን ትኬት በስጦታ ቆረጡልኝ። ደብዳቤውን ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አልነግራችሁም።

ታደሰ ፓስፖርት ለመጨረስ ሰኞ ወደ አዲስ አበባ ሄደ። እኔ ሐሙስ ልከተለው፣ ዓርብ ልንበር ተቀጣጠርን።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲያባራ በሩ ተንኳኳ። የታደሰ አጎት፣ የአቶ ጂግሶ ታናሽ ወንድም፣ አባባ ሎኮ ነበሩ። ከዚያ ቤት ሰዎች ዓመት አንዴም ቢሆን የሚጠይቁን እሳቸው ብቻ ናቸው። ዝናቡን የተከለሉበትን የእንሰት ቅጠል በረንዳው ላይ ጥለው ገቡ። ሱሪያቸው እስከ ጉልበት ጭቃ ነበር። ሻንጣዬ ወለሉ ላይ ተከፍቶ፣ ልብሴ ተደርድሮበታል። አዩት።

ታደሰ የት እንዳለ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ከነገ ወዲያ ባሕር ማዶ እንደምንሄድም ጨመርኩ። ወንበር ብስብላቸው አልተቀመጡም።

«ጂግሶ ጠርቶታል» አሉ። «ልጄ ይምጣ ብሏል። በእጁ ውሃ ያጠጣኝ ብሏል።»

«ታመዋል እንዴ?»

«አሞታል። ሽማግሌ ነው።»

«በጣም ነው?»

«እኔ ሐኪም አይደለሁም። ጠርቶታል ነው የምልሽ።»

ምግብ ላቅርብ ብል ወደ ይርጋጨፌ የሚመለስ መኪና እየጠበቃቸው መሆኑን ነገሩኝ። በሩ ላይ ደርሰው ዞር አሉ። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው ነውና አልፎ አልፎ ሴቱንና ወንዱን ያደባልቁታል። «እንግዲህ ቃሉ ካንተ ጋር ነው» አሉኝና ወጡ።

መፈልፈያው ቢሮ ስልክ ነበረ። ታደሰ ያረፈበት ሆቴልም ስልክ ነበረው። ከቤቴ እስከ ቢሮው የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው። ጫማዬን አድርጌ ወጥቼ ነበር። መንገዱ አጋማሽ ላይ፣ እንዲህ ያለ ነገር በስልክ አይነገርም፣ ነገ በአካል ብነግረው ይሻላል አልኩ። ተመለስኩና ልብሴን ማጣጠፍ ቀጠልኩ። እውነቱን ለመናገር፣ ያን ጊዜ ያመንኩት መስሎኝ ነበር።

ሐሙስ አውቶቡሱ ገና ሲነጋጋ ተነሣ። አዋሳ፣ ሻሸመኔ፣ ሞጆ፤ መንገዱን ሙሉ በአፌ ውስጥ ስለማመደው ዋልኩ። «አባትህ ጠርተውሃል።» ሁለት ቃል ነው። ታደሰ አዲስ አበባ አውቶቡስ ተራው ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ሁለቱን ፓስፖርቶች ከኮቱ የውስጥ ኪስ አውጥቶ የኔን ገልጦ ፎቶዬን አሳየኝ፣ ሳቀ። ታደሰ ብዙ አይስቅም። ከበላን በኋላ እነግረዋለሁ አልኩ።

አንዲት ምግብ ቤት ገባን። ገና እጃችንን ሳንታጠብ፣ ራሱ ጀመረው። «ወስኛለሁ» አለ። «ስንመለስ ወርቃ እሄዳለሁ። ባይጠሩኝም እሄዳለሁ። ዘጠኝ ዓመት ይበቃል።»

እንግዲህ ፍረዱኝ። ሊነገር የሚገባው ነገር በራሱ እግር መጥቶ ፊቴ ቆሞ ነበር። እኔ ግን ያንን ንግግር እንደ ማምለጫ ያዝኩት። ሲመለስ ይሄዳል፤ ሽማግሌው ሁለት ወር ቢጠብቁ ምን ይሆናሉ? ዘጠኝ ዓመት ያስጠበቁት እሳቸው አይደሉም? አሁን ብነግረው ይቀራል፤ እሱ ከቀረ እኔም እቀራለሁ፤ እንዲህ ያለ ዕድል ደግሞ ለሰፊ ልጅ ሁለት ጊዜ አይመጣም። «ጥሩ አሰብክ» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና እጄን ጨበጠኝ።

ዓርብ በረርን። አስመራ ወርደን፣ አቴና ወርደን፣ ቅዳሜ ሮም ገባን። ከዚያ በባቡር ወደ ጄኖቫ። መሐንዲሱ ጣቢያው ድረስ መጥቶ ተቀበለን፣ በማግስቱም የክሬም ቀለም ያላት ትንሽ መኪናውን ቁልፍ ለታደሰ ሰጠው። ለአራት ቀን የእናንተ ናት አለን።

ስለ እነዚያ ቀናት ስናገር አፌ ይይዘኛል። መንገዱ ከከተማው ወጥቶ ወደ ምዕራብ ይሄዳል። በስተ ግራ ባሕሩ ነው፤ በስተ ቀኝ ተራራው። መንገዱ በገደሉ ወገብ ተጠምዝዞ ዋሻ ውስጥ ይገባል፣ ሲወጣ ባሕሩ እንደገና አዲስ ሆኖ ይጠብቃችኋል። እኔ ሰሌዳ ላይ አንድ ሰማያዊ ብቻ ነበር የምቀባው። እዚያ ግን አለቱ ሥር አረንጓዴ ነው፣ ራቅ ሲል ሐምራዊ፣ ጀልባ ሲያልፍበት ነጭ፣ ፀሐይ ሲያጋድል ብርማ። ደግሞ ድምፅ አለው። ድምፅ እንዳለው በአንድም መጽሐፍ ተጽፎ አላነበብኩም።

ታደሰ ባሕሩን ትቶ ተራራውን ነበር የሚያየው። ሰዎቹ ገደሉን በድንጋይ እርከን ሠርተው ወይራና ወይን ተክለውበታል፤ ቤቱ ከቤቱ በላይ፣ ማሳው ከማሳው በላይ ነው። መኪናውን እያቆመ ይወርድና እርከኑን በእጁ ይዳስሳል። እነዚህ ሰዎች እንደኛ ናቸው አለኝ፤ ቁልቁለት ላይ መኖር ያውቃሉ። የወርቃም ማሳ ቁልቁለት እንደሆነ፣ ቡናው በእንሰቱ ጥላ ሥር፣ እንሰቱ በትልልቆቹ ዛፎች ሥር እንዴት እንደሚኖር፣ አባቱ አንድ ዛፍ ከመቁረጣቸው በፊት ስንት ቀን እንደሚያስቡ አወራኝ። በጋብቻችን ዘመን ሁሉ ያላወራኝን በሁለት ቀን አወራኝ። ደስ ብሎታል፤ ሲደሰት የሚያስበው አባቱን ነው። እኔ አዳምጣለሁ። ውስጤ ያለው ሁለት ቃል በየሰዓቱ ይከብዳል፤ ከዚያ መንገዱ ይታጠፍና ባሕሩ ይመጣል፣ እረሳዋለሁ። እንዲያ ነው፤ አልዋሽም፣ እረሳው ነበር።

ሰኞ ረፋድ ላይ አንዲት ትንሽ መንደር ደርሰን ጫማችንን አውልቀን ባሕሩ ውስጥ ገባን። ታደሰ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ ማዕበሉ ሲመጣ እንደ ልጅ ወደ ኋላ ይሸሻል። ውሃውን ቀምሼ ጨው መሆኑን ሳረጋግጥ ሳቀብኝ። ስታስተምሪ ኖረሽ አላመንሽም ነበር ወይ አለኝ። ፀሐዩ፣ ጨዋማው ነፋስ፣ የእሱ ሳቅ። ይህን ሰዓት ያዙልኝ።

ማክሰኞ ሌላ ከተማ ውስጥ ገበያ ገባን። ታደሰ ከአንዲት አሮጊት ሱቅ ፊት ቆመ። የሱፍ ኮፍያ ትሸጣለች። አንዱን አንሥቶ በእጁ መዘነው፣ ሌላውን አነሣ። «ወርቃ በሐምሌ ብርዱ ክፉ ነው» አለኝ። «አባቴ ጆሯቸውን ይበርዳቸዋል። የትኛው ይሻላል?» ቡኒውን በራሱ ላይ አጥልቆ ወደኔ ዞረ። «ጭንቅላታችን እኩል ነው። እዪው፣ ልክ ነው?»

ልክ ነው አልኩ። ገዛው። በወረቀት ተጠቅልሎ ሲሰጠው በሁለት እጁ ተቀበለ። መኪናው ውስጥ ስንገባ ጭኔ ላይ አስቀመጠውና ጉዞ ቀጠልን። ከከተማው ወጥተን ጥቂት እንደሄድን ጥቅሉን በሁለት እጄ ያዝኩት። አቁም አልኩት። መንገዱ ዳር ከገደሉ በላይ መኪና የሚቆምበት ጠፍጣፋ ቦታ ነበር፤ አቆመ። አሞሻል ወይ አለኝ።

«አባትህ ጠርተውሃል» አልኩት።

አልገባውም። ፈገግ ብሎ ጠበቀ።

«አባባ ሎኮ መጥተው ነበር። ልጄ ይምጣ ብለዋል። ላንተ እንድነግር ነው የመጡት። አልነገርኩህም።»

ሞተሩን አጠፋ። «መቼ ነው የመጡት?»

«ረቡዕ።»

ጣቶቹን መሪው ላይ አድርጎ አንድ በአንድ ቆጠረ፤ ረቡዕ፣ ሐሙስ፣ ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድ፣ ሰኞ፣ ማክሰኞ። ጣቶቹ ሰባተኛው ላይ ቆሙ። በሩን ከፍቶ ወጣና በመንገዱ ጠርዝ ላይ ሄደ። ከታች ገደል ነው። ልከተለው በሩን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። ብዙ ሄዶ ቆመ፤ ጀርባውን ነበር የማየው። መኪኖች እያለፉ ጡሩንባ ይነፉበታል። ሲመለስ ፊቱ ላይ ቁጣ አልነበረም። ቁጣ ቢኖር ይቀለኝ ነበር።

ተቀመጠ። «ምን አሉ? ቃሉን እንዳለ ንገሪኝ» አለ።

«ልጄ ይምጣ ብሏል። በእጁ ውሃ ያጠጣኝ ብሏል።»

«ድገሚው።»

ደገምኩት። አሁንም ድገሚው አለኝ። ሦስት ጊዜ ነገርኩት። በሦስተኛው ላይ ከንፈሩ አብሮኝ ይንቀሳቀስ ነበር። ከዚያ ለምን እንዳልነገርኩት ጠየቀኝ፤ ያሰብኩትን ሁሉ፣ የስልኩን መንገድ፣ የምግብ ቤቱን፣ ሲመለስ ይደርሳል ያልኩትን፣ ምንም ሳልሸሽግ ነገርኩት። አላቋረጠኝም። ስጨርስ መኪናውን አዞረ። በሁለት ቀን ተኩል የመጣነውን መንገድ ሳንቆም ተመለስነው። ባሕሩ አሁን ከቀኛችን ነበር። አላየሁትም።

መሐንዲሱ ደግ ሰው ነው፤ ሥልጠናው ይቆይ ብሎ ትኬታችንን ሲያስቀይር ዋለ። ያለው አውሮፕላን ግን የዓርብ ብቻ ሆነ። ታደሰ ረቡዕ ጠዋት ለመፈልፈያው ቢሮ ቴሌግራም ላከ፤ ለአባቴ እየመጣሁ ነው በሉልኝ የሚል። ኮፍያው መኪናው ውስጥ ቀርቷል። ሁለት ቀን በአንድ የእንግዳ ማረፊያ ክፍል ተቀመጥን። አልሰደበኝም። «ብይ» ይለኛል፤ እሱ አይበላም። ቢመታኝ ብዬ የተመኘሁበት ሰዓት ነበር።

ቅዳሜ አዲስ አበባ፣ እሑድ ዲላ ደረስን። የመፈልፈያው ዘበኛ አውቶቡሱ ላይ ጠበቀን፤ ሻንጣውን ከታደሰ እጅ ሲቀበል አንገቱን ደፋ። ሌላ ምን ይነገራል። አቶ ጂግሶ ያረፉት ሰኞ ረፋድ ላይ ነበር። ሐሙስ ማታ ብነግረው ኖሮ፣ ዓርብ አውቶቡስ ይዞ ቅዳሜ ይደርስ ነበር። ሁለት ቀን አብሯቸው ይሆን ነበር። ሂሳቡን ስንት ዓመት እንደሠራሁት አትጠይቁኝ፤ ሁልጊዜ የሚወጣው ሁለት ቀን ነው።

በማግስቱ ወርቃ ደረስን። ከመኪናው ወርደን በእንሰቱ መሃል ያለውን ቀጭን መንገድ ስንወጣ ሰው ሁሉ ከየደጃፉ ያየናል። ሽማግሌዎቹ ሶንጎው ላይ ነበሩ። ሴቶቹ ትንሽ ራቅ ብለው ተቀምጠዋል፤ የታደሰ እህት ዘነበች ከመካከላቸው አለች። አባቷን እስከ መጨረሻው ያስታመመችው እሷ ናት። ታደሰ ሄዶ አባባ ሎኮ ፊት ቆመ። ተቃቅፈው አለቀሱ። ልቅሶው ጋብ ሲል ከሽማግሌዎቹ ትልቁ በጌዴኦኛ ተናገሩ። በጋብቻዬ ዘመን የለመድኳትን ያህል ስለምሰማ ገባኝ። «ጠርቶህ ነበር። ቃሉ አልደረሰህም?»

አባባ ሎኮ ወደኔ አዩ። ቃሉን ለማን እንደሰጡ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። ታደሰ አላየኝም።

«ደርሶኛል» አለ።

«መቼ?»

«ሐሙስ። አገር ሳልለቅ ነው የደረሰኝ።»

«ታዲያ ምን ያዘህ?»

«ባሕር ማዶ ልሄድ ቸኩዬ ነበር። ስመለስ እደርስባቸዋለሁ ብዬ አሰብኩ።»

የእኔን ሐሳብ፣ የእኔን ቃል፣ መኪናው ውስጥ እንደነገርኩት አድርጎ በራሱ አፍ ተናገረው።  ዘነበች ተነሣች። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ስባ ጀርባዋን ሰጥታው ወደ ቤት ገባች። ሽማግሌው ቀና ብለው አዩትና፣ «በወንድ ልጁ ፈንታ የመጨረሻውን ውሃ ያጠጣው እንግዳ ሰው ነው» አሉ። 

አፌን መክፈት ነበረብኝ። ከተቀመጥኩበት እስከ ዛፉ ሃያ እርምጃ አይሞላም። እኔ ነኝ ማለት ብቻ ነበር። ግን የሰው ሁሉ ዓይን ምን እንደሚመስል አየሁና ዝም አልኩ። የመጀመሪያውን ጥፋት የሠራሁት ባሕር ለማየት ስለጓጓሁ ነው፤ ያንንስ ሰው ይረዳልኛል። ሁለተኛውን የሠራሁት ግን ስለፈራሁ ብቻ ነው። ባሌ ከፊቴ ቆሞ የኔን እድፍ ሲለብስ ተቀምጬ አየሁ።

ከዚያ በኋላ ሰው ምን ሊያደርግ እንደሚችል ተማርኩ። ማንም አልሰደበውም። ብቻ አይጠሩትም። ወርቃ ውስጥ ልጅ ሲወለድ አይሰማም፤ ሰው ሲዳር አይነገረውም፤ አባቱ የተከሉት ቡና ሲለቀም ና አይሉትም። ዲላ ገበያ የሚያገኛቸው የአገሩ ሰዎች በአክብሮት ሰላም ብለውት ያልፋሉ። ዘነበች ሴት ልጅ መውለዷን ልጅቷ ስድስት ወር ከሞላት በኋላ ከሌላ ሰው ሰማ። ያን ቀን ከሥራ መጥቶ ወንበር ላይ ተቀመጠና የሥራ ጫማውን ሳያወልቅ እስኪመሽ ቆየ። ምን ሆነሃል ስለው፣ «አጎት ሆኛለሁ» አለኝ።

በሳምንቱ ለሱ ሳልነግረው ወርቃ ሄድኩ። ከለቅሶው ዓመት ከአራት ወር አልፎ ነበር። አባባ ሎኮን ከቡና ማሳቸው አገኘኋቸው፤ ቅርጫታቸውን አስቀምጠው ሰሙኝ። ሽማግሌዎቹ ፊት ልናገር አልኩ። ሴት እዚያ ቆማ መናገር የተለመደ አልነበረም። ቢሆንም ወሰዱኝ፤ ዘነበችንም አስጠሩልኝ። ልጇን በጀርባዋ አዝላ መጣች። ቆሜ ሁሉንም ተናገርኩ። በአማርኛ ጀመርኩ፣ በማውቃት ጌዴኦኛ ጨረስኩ።

 ከዚያ አባባ ሎኮ፣ «አውቄያለሁ» አሉ። «ሻንጣውን አይቻለሁ። ሐሙስ ደረሰኝ ሲል እንደዋሸ ገብቶኛል።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?» አልኳቸው።

«ልጁ ልሸከም ካለ እኔ ምን ብዬ አወርድበታለሁ? አንቺን ነበር የምጠብቀው።»

ዘነበች ወደ አባባ ሎኮ ዞረች። ልጇን ከጀርባዋ አውርዳ ስታባብል ቆየችና፣ «በሉ ይምጣና ይያት» አለች። እኔን ግን አላየችኝም። ዛሬም ድረስ፣ ሁለታችንም አርጅተን፣ በሰላምታዋ ውስጥ ትንሽ ክፍተት አለች። መብቷ ነው።

ታደሰ ደስ ይለዋል ብዬ ነበር። በትዳራችን ውስጥ ድምፁን ከፍ ያደረገብኝ ግን ያን ቀን ብቻ ነው። «ማን አውርጂልኝ አለሽ?» አለኝ። እኔ ስለ አንተ ብዬ ነው ስለው ራሱን ነቀነቀ። «ላንቺ ብዬ ብቻ መሰለሽ የተናገርኩት? ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሳልጠራ መሄድ እችል ነበር። እግር ነበረኝ። አንቺ ያዘገየሽው አንድ ሳምንት ነው።» ከዚያ ጓሮ ወጣ። ከሁለት ቀን በኋላ ወርቃ ሄዶ የእህቱን ልጅ አቀፈ። ከአባቱ መቃብር ላይ ሣሩን አጨደ። ያንን ሣር በየዓመቱ ያጭድ ነበር፤ ጉልበቱ እስኪከዳው ድረስ። ሦስት ልጆች ወልደን አሳደግን። እሱ ካረፈ ሰባት ዓመት ሆነው። ሥልጠናውን አልሄደበትም፤ እኔም ከአገር ወጥቼ አላውቅም።

ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ ስለ ጥፋቴ የነገርኳቸው ወዳጆቼ ሁሉ ያጽናኑኛል። ሽማግሌው መሞታቸው አይቀርም ነበር ይሉኛል። በእኛ አገር የሞት ዜና ለመንገደኛ ይደበቅ የለም ወይ ይሉኛል። ይደበቃል፤ ግን መርዶ የሚደበቀው ሰውየው ሊያደርገው የሚችለው ነገር ስላለቀ ነው። እኔ የደበቅሁት ጥሪ ነው። ጥሪና መርዶ አንድ አይደሉም። ከእናንተ ውስጥ ለሌላ ሰው የተላከ ቃል ይዞ፣ ነገ በተሻለ ሰዓት እነግረዋለሁ ብሎ የተቀመጠ ካለ፣ የተሻለ ሰዓት እኔም ፈልጌ ነበር። የሚነገርበት ሰዓት የምንሰማበት ሰዓት ነው።

ይህንንም ብዬ ንስሐዬ ሙሉ ነው ብላችሁ እንዳታስቡ። አንድ የቀረ ነገር አለ፤ ለታደሰም፣ ለሽማግሌዎቹም፣ በጸሎቴም አልተናገርኩትም። አቶ ጂግሶ በር በሩን እያዩ ነፍሳቸው በወጣችበት በዚያ ሰኞ ረፋድ፣ እኔ ባሕሩ ውስጥ ቆሜ ነበር፤ ውሃው ጉልበቴን ይመታኛል፣ ባሌ ይስቃል። በሕይወቴ ከኖርኳቸው ሰዓታት ሁሉ እንደዚያ ደስ ያለኝ የለም። እንዲጠፋልኝ ብዙ ለመንኩ። አልጠፋም፤ ዛሬም ሳስበው ደስ ይለኛል።